«ነዳጅ ተገኘ» ሲሉህ «ስንት ሰዓት ፈሰሰ?» በል

ወገን፣ «ነዳጅ ተገኘ» የሚል ፖስት ባየህ ቁጥር ሼር ለማድረግ አትሩጥ። መጀመሪያ ጉድጓዱ ተፈትኗል ወይ ብለህ ጠይቅ።

የዳባት ልጅ ይሄ አይከብደውም። የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ብቅ ስላለ ብቻ ለከተማ ይበቃል አይባልም። በፓምፕ ለሰዓታት ይሳባል፣ ውኃው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል፣ ፓምፑ ሲቆም በስንት ጊዜ እንደተመለሰ ይታያል። የነዳጁም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጥልቀቱና አደጋው ነው የሚለየው። መፈተሻው በቁፋሮው ቧንቧ ጫፍ ታስሮ ይወርዳል። የጎማ ማሸጊያ የጉድጓዱን ጭቃ ከላይ ይዘጋል። ከዚያ ቫልቩ ተከፍቶ በአለቱ ውስጥ ያለው እንዲወጣ ይለቀቃል፤ ጋዝ ነው፣ ዘይት ነው ወይስ ጨዋማ ውኃ፣ ያኔ ይለያል። ቀጥሎ ቫልቩ ይዘጋና ግፊቱ ሲመለስ ይለካል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ግፊቱ ወደነበረበት ካልተመለሰ ክምችቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለፎቶ የነደደው እሳት ብዙም አይቆይም። ባሕር ላይ የሚቆፍሩትማ የመድረኩ የቀን ኪራይ ከባድ ስለሆነ ፈተናውን በሰዓት ቆጥረው ነው የሚሠሩት።

ወደ አገራችን እንምጣ። የካሉብን ጋዝ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቆፍሮ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጋዙ ተመርቆ ሥራ ጀመረ የተባለው ደግሞ በ2025። ከ50 ዓመት በላይ! በመሀል፣ ሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ ከኦጋዴን በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ዘይት በሙከራ ሊወጣ ነው ተብሎ ሁሉም ጨፈረ። «ሙከራ» የምትለዋን ቃል ግን ስንቶቻችን አነበብናት? በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ በአሜሪካ አጥኚ ድርጅት ተረጋገጠ አለ። እኔ ከሺህ ፎቶ እንዲህ ያለውን ወረቀት እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የፈረመበት አለ።

ነገ ደግሞ «ከስሜን ተራሮች ሥር ነዳጅ አለ» የሚል ቢመጣስ? ሊማሊሞን ውረድና ገደሉን እየው። ያ ሁሉ ንብርብር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ ደለል አለት ቢኖር እንኳ ወፍራም ባዛልት የመፈለጊያውን ሞገድ ስለሚበትነው ከላይ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። ወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከመሬት ሲንጠባጠብ መታየቱ እውነት ነው። እሱም ቢሆን ምልክት እንጂ መጠን አይደለም።

ጂኦሎጂ የምትማሩ የደባርቅና የዳባት ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ዜናው ሲመጣ ኮሜንት ላይ ባንዲራ ከመደርደር በፊት ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ፈሰሰ? በምን ስፋት ቀዳዳ? ከተዘጋ በኋላ ግፊቱ ስንት ደረሰ?