ጉማሬው አላዛጋም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰን ከአንዲት የ26 ዓመት የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ሠርጓ 2 ወር ቀርቶታል። ከእጮኛዋና ከጓደኞቹ ጋር ባህር ዳር ሄዳ ጣና ላይ በሞተር ጀልባ አንድ ቀን ዋለች፤ ያ ቀን ነው እንቅልፍ የነሳት። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬዎች ሲያዩ አጅሬ ባለጀልባውን «ጠጋ በል እንጂ!» እያለ ወጠረው። ዘፈኑንም በስልኩ ለቀቀው። አንዱ ጉማሬ አፉን ሲበረግድ «አዛጋ! እንቅልፉ መጣ» ብሎ ባዶ ሃይላንድ ወረወረበት። ተው ብላ ስትለምነው በጓደኞቹ ፊት «ፈሪ» ብሎ ሳቀባት። «በአንድ ቀን ሽርሽር የተነሳ ስለ ትዳሬ መጠራጠሬ ሞኝነት ነው ወይ?» ትላለች።

እህታችን፣ መጀመሪያ ጉማሬው አላዛጋም። እንዲያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሲያሳይ «ከዚህ ዞር በሉልኝ» ማለቱ ነው። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውልና ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ሲጠልቅ ጆሮውንና አፍንጫውን ዘግቶ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት ስለሚችል፣ ጠፋ ያላችሁት ጉማሬ ከጀልባችሁ ሥር ሊሆን ይችል ነበር። ትልቁ ወንድ ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ ያልፋል። ትንሽ ጀልባ መገልበጥ ለእሱ ምኑም አይደል! ስለዚህ መፍራትሽ ልክ ነበር።

ግን በዚህ ብቻ ልጁ ላይ አንፈርድም። ከተማ ያደገ ሰው ጉማሬን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ምናልባትም ካርቱን ላይ ሲጨፍር ይሆናል። አለማወቅ ይመከራል።

እኛን የከነከነን ሌላ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ሲወጡ አንቺ ከባለጀልባው ጋር ቀረሽ። ስለዚያች ሰዓት የጻፍሽልን ገጽ ተኩል ነው! ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ሲያርገበግብ ቆየና በአፍጢሙ ተወርውሮ ዓሣ ይዞ ብቅ አለ። ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። አሳው ትንሽ ከሆነች ማረፊያ እንኳ ሳይፈልግ እየበረረ ይውጣታል። ራሱ ነጭ የሆነው ንስር ከዛፍ ላይ ሲጮህ ሰማሽ፣ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ሲቀዝፉ አየሽ፣ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ አጠገባችሁ አለፈ። «ልቤ ሞላ» ብለሻል።

ከዚያ እጮኛሽ ወረደ። «ምን አየሽ?» አላለሽም። «አልሰለቸሽም?» እንኳ አላለም። እስከ ባህር ዳር ድረስ የሠርጉን ወጪ ነው ያወራው። በእኛ ሚዛን ከሃይላንዱ ይልቅ ይሄ ይከብዳል።

ሠርጉን ለመሰረዝ አትቸኩዪ። በዚህ ሳምንት ጓደኞቹ በሌሉበት አግኚውና ስለ ወፉ ንገሪው። የጉማሬውን ነገር ለጊዜው ተይው። ከሰማሽና መልሶ ከጠየቀሽ ጥሩ፤ የቀረውን ቀስ ብላችሁ ትማከራላችሁ። አሁንም ቀልድ አድርጎት ካለፈ ግን ቀኑን ማራዘም ነውር የለውም። ካርድ ታትሟል፣ ድንኳን ተከራይተናል ተብሎ አይገባም!

ጣና ለመሄድ ያሰባችሁ ሌሎቻችሁ፣ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ፀጥታ አጣሩ። ሐይቁ ረጋ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዳ ወፎችም ይጨመራሉ። ሴቶች፣ ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስና የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያስገባሉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያም ጠይቁ። ደሴቱ ዳር ስትደርሱ ደግሞ «ሞተሩን አጥፋልን» በሉት። ነዳጁን ስለሚቆጥብለት እምቢ አይላችሁም።