የምንከፍለው ለሻዩ ነው ወይስ ለካርቶኑ?

ስለ ኑሮ ውድነት በየቀኑ እናማርራለን፤ እውነታችንን ነው። ሱፐርማርኬት ገብተን ሻይ ስንገዛ ላየን ግን ገንዘብ የተረፈን ነው የምንመስለው። ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ወርቅማ ካርቶን ላይ ነው፤ ቀጥሎ የውጭ ቋንቋ ጽሑፉ ላይ። ዋጋው ከተወደደ ደግሞ «ጥሩ ቢሆን ነው» ብለን እናነሳዋለን። ካርቶኑ ውስጥ ስንት ግራም ቅጠል እንዳለ የሚያነብ ከስንት አንድ ነው።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ ቲ ባግ አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም ያህል ሻይ ይይዛል። 25 ፍሬ ያለው ካርቶን እንግዲህ 50 ግራም መሆኑ ነው። አጠገቡ ያለው 100 ግራም ሻይ ቅጠል በእኩል ዋጋ ቢሸጥ እንኳ ካርቶኑ እጥፍ ተወደደ ማለት ነው። ልዩነቱ የሚሄደው ለክር፣ ለወረቀት፣ ለማስታወቂያና ለማጓጓዣ ነው። ምቾት ፈልጎ የሚከፍል ይክፈል፤ መብቱ ነው። ጥራት ገዛሁ ብሎ ግን እንግዳ ፊት አይኩራራ።

ቲ ባጉን ቀዳችሁ እዩት። ውስጡ ያለው በነጋዴዎቹ ቋንቋ «ፋኒንግስ» ወይም «ደስት» የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ ተሠርቶ ሲነፋ የሚወጣው ደቃቁ። ደቃቅ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከጥሩ ማሳ የመጣ ደቃቅ ከመጥፎ ማሳ ከመጣ ትልቅ ቅጠል ይሻላል። ግን «ውሃ እንደነካው ጠቆረ፣ ሻይ ማለት ይሄ ነው!» የሚለው ፍርዳችን እዚህ ላይ ይፈርሳል። ቶሎ የጠቆረው ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ ስለ ጣዕሙ ገና ምንም አልነገረንም። እንዲያውም ደቃቅ ሻይ አየር በብዛት ስለሚያገኘው መዓዛው የሚጠፋው ፈጥኖ ነው።

ስሞቹማ አይነሱ! «እንግሊሽ ብሬክፋስት» የቅልቅል ስም ነው፤ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከህንዱ አሳም፣ ከስሪላንካና ከኬንያ ነው። «ኦሬንጅ ፔኮ» ውስጥ ብርቱካን የለም፤ የቅጠል ደረጃ መጠሪያ ነው። ኬንያ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ ሻይዋ በሞምባሳ ጨረታ ይሸጣል። እንግዲህ የጎረቤታችን ቅጠል ባሕር ተሻግሮ፣ ስም ቀይሮና ካርቶን ለብሶ ሲመለስ በውጭ ምንዛሪ ልንገዛው እንችላለን ማለት ነው። ከፋ ውስጥ ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ጉማሮ የሚለቀመውን ግን ከታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ነው የሚያገኘው።

የአገር ውስጥ ስለሆነ ብቻ ግዙ አላልኩም። ያረጀ ሻይ የትም ይታሸግ የት ያረጀ ነው። መመዘን ያለብን ቅጠሉን ነው፤ የሚመዘንበት መንገድም አለ። አይኤስኦ 3103 የተባለው ዓለም አቀፍ የመቅመሻ ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ሻይ አድርጋችሁ 6 ደቂቃ አቆዩት ይላል። ሁለት ዓይነት ሻይ ገዝታችሁ ጎን ለጎን ሞክሩት፤ ያለ ስኳር፣ ያለ ቅመም። ጥሩው ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ሽታውም ትኩስ ነው። ያረጀው ገለባ ገለባ ይላል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል የገባበት ሻያችን ግሩም ነው (በበኩሌ በምንም አልለውጠውም)፤ ግን የቅጠሉን ጉድ ይሸፍናል። ስኳሩ የቀረውን ይጨርሳል።

ሱፐርማርኬቶቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ሻይ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፤ በስስ ወረቀት የታሸገውን ከሳሙናና ከዕጣን አጠገብ መደርደር ምን ይባላል? ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር የሚከምሩትም አሉ። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ የታሸገበትን ቀንም ፈልጉ፤ ማብቂያው ሳይደርስ መዓዛው ሊሞት ይችላልና።

ከሱፐርማርኬቶች የምንጠይቀውም ከባድ ነገር አይደለም። ሻይ በተደረደረበት ሁሉ፣ ከዋጋው ሥር፣ የ100 ግራሙ ሒሳብ ስንት እንደሚመጣ ይጻፍልን። ወጪው አንድ ማርከርና ቁራጭ ወረቀት ነው።