ስሟ ያልታወቀ ወይዘሮ

ሰሞኑን ለሽያጭ የቀረበች አንዲት ትንሽ ሥዕል አየሁ። ሚኒያቸር ከሚሏቸው ወገን ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ በውኃ ቀለም የተሣለች፣ ከመዳፍ የማትሰፋ የሴት መልክ። ሻጩ ስለ ክፈፉ ነሐስ፣ ስለ መስተዋቱ፣ ከሁሉ በላይ ከጥጓ ስለ ሰፈረው የ«ኢዛቤ» ፊርማ አትቶ አትቶ፣ ወደ ሴትዮዋ ሲደርስ በሦስት ቃል ተገላገላት፦ «ስሟ ያልታወቀ ወይዘሮ»።

ጠቤ ከዚህች ሐረግ ጋር ነው። «ያልታወቀ» ሲሉት ማንም ሳያጠፋው በገዛ ራሱ የጠፋ ያስመስለዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል እኮ ለአንድ ሰው ሲባል የተሠራ ነው፤ ባል፣ እናት ወይም ዘማች ወንድም በአንገቱ እንዲያንጠለጥለው፣ በኪሱ እንዲይዘው። ከጀርባው የባለመልኳ ጸጉር ተጎንጉኖ በመስተዋት ሥር የሚቀመጥበት፣ ስሟም በወረቀት የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። ኋላ ቤተሰቡ ንብረቱን ሲበትን ደብዳቤው ለአንዱ፣ ሥዕሉ ለሌላው ይሸጣል። አንዱ ነጋዴ ደግሞ የተሻለ ክፈፍ አገኘሁ ብሎ የኋላውን ወረቀት ይጥለዋል። ስሟን ገበያ አጠፋው፤ ዘመን ያለ ኃጢአቱ ይከሰሳል።

ፊርማውስ? ዣን ባፕቲስት ኢዛቤ (1767–1855 እ.ኤ.አ.) የናፖሊዮንን ቤተ መንግሥት ሰዎች የሣለ ታላቅ ሠዓሊ ነበር። ስሙ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ለጌጥ ተብለው በተመረቱ የኋላ ዘመን ሥዕሎች ላይ ሐሰተኛ ፊርማው እንደ አሸን ፈልቷል። እኔ በባንክ መስኮት ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ፤ አጠራጣሪ ፊርማ ያለበት ቼክ ሲመጣ ወደ አለቃዬ እመራዋለሁ እንጂ ገንዘብ አልቆጥርበትም። ስም የሌለው ጉርድ ፎቶግራፍም በእኛ ዘንድ ሒሳብ አይከፍትም። በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ግን የሐሰት ስም ይከፈልበታል፣ የእውነት ስም ይጣላል።

«ሥዕል የሚመዘነው በሠዓሊው እጅ ነው፤ የተሣለው ሰው ምን ቸገረን?» የሚሉኝ አሉ። ማዳም ደ ሚርቤል (1796–1849 እ.ኤ.አ.) 18ኛውን ሉዊንና 10ኛውን ሻርልን ሥላለች። የእነርሱን መልክ «ስሙ ያልታወቀ ጎልማሳ» ብሎ የሚሸጥ አለን? ንጉሥ ሲሆን ስሙ ይጠበቃል፤ የሰው ሚስት ስትሆን ሠዓሊው ብቻ በቂ ይሆናል!

ሕጉም ከገበያው አይሻል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ የዝሆን ጥርስ ሕግ ንግዱን በጠቅላላው ሲከለክል፣ ከ1918 በፊት የተሠሩና ስፋታቸው ከ320 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሚኒያቸሮችን ምሯል። ዕድሜ ይጠይቃል፣ ስፋት ይጠይቃል። ፊቱ የማን እንደሆነ ለምሕረቱ አያስፈልገውም።

አትሽጡ አላልኩም። «ያልታወቀ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከማን እንደገዛችሁት፣ አብሮት ምን ወረቀት እንደነበረ፣ ጀርባው ተከፍቶ እንደሆነ ጻፉ።

ለዚያ ሻጭ ይህንኑ ጠይቄው ነበር። በማግሥቱ መልስ ላከልኝ፤ የመላኪያውን ዋጋ።