ቀስቱ ይነቀል!

ሰሞኑን በየዶርሙ አንድ አባባል እንደ ደንብ ሲደጋገም እንሰማለን። «ሞሮዊንድ ያረጀ ጨዋታ ነው፤ የት እንደምትሄድ እንኳ አያሳይህም» ይባላል። እኛም እንላለን፦ እውነት ነው አያሳይም፤ ይናገራል እንጂ! ጠባችንም እዚህ ላይ ነው።

ሞሮዊንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ካርቶኑ ውስጥ የወረቀት ካርታ ነበረው። ተጫዋቹ ሴይዳ ኒን ከምትባል መንደር ሲነሳ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ባልሞራ ሂድ፣ ካይየስ ኮሳዴስን ፈልግ፣ ቤቱን ካላወቅህ ሳውዝ ዎል ከሚባለው መሸታ ቤት ጠይቅ። በቃ! ቀጥሎ አርክንግታንድ ወደሚባል ፍርስራሽ ሲላክ መንገዱን የሚያውቅ ሰው፣ ወንዙን ተሻገር፣ ምሽጉን እለፍ፣ ጥንታዊ ድልድይ ታገኛለህ ይለዋል። የተነገረው ማስታወሻው ላይ ይጻፍለታል፤ ድልድዩን በዓይኑ መፈለግ ግን የራሱ ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያው ኩባንያ ኦብሊቪየንን ሲያወጣ ኮምፓሱ ላይ ቀስት ተከለ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ አገሩን ትቶ ቀስቱን ሲያይ ይውላል።

ለመሆኑ ይህ «ያረጀ» የተባለው አካሄድ ለጅማ ሰው እንግዳ ነው? እዚህ ከተማ በቤት ቁጥር ቤት የሚፈልግ ማነው? «ከአዌቱ ድልድይ ወዲያ፣ ከመስጊዱ አለፍ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ጠይቅ» እየተባልን አይደለም እንዴ የምንኖረው? አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ጌራ ብንሄድ ምልክቱ ዋርካ ነው፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው፣ ወንዝ ነው። የሞሮዊንድን ጨዋታ ከማንም በፊት መረዳት የነበረብን እኛ ነን።

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ነገር ያነሳሉ። አንደኛ፣ «ጊዜ የለንም» ይላሉ። ጊዜ የሌለው ሰው መቶ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ለምን ከፈተ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በቀስት የታለፈ መንገድም በማግሥቱ አይታወስም። ሁለተኛ፣ «የሚነገረው አቅጣጫ አንዳንዴ ስሕተት ነው» ይላሉ። አዎ፣ ነው። የጌራ ገበሬስ «እዚችው ናት» ብሎ ሁለት ሰዓት አያስኬድም? ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ሰው መጠየቅ ነው እንጂ ጆሮን መድፈን አይደለም። ሦስተኛ፣ «ቀስቱ ካልተፈለገ ይጠፋል፤ ማን አስገደደ?» ይላሉ። ይህ የሁሉም ብልጥ ክርክር ነው፤ ግን ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪምን ቀስቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ብዙው ባለጉዳይ ሂድ ይላል እንጂ በየት በኩል እንደሚኬድ አይናገርም። ለምን ይናገር? ቀስቱ ስላለ ጸሐፊው መንገዱን መጻፍ ተወ። ቀስቱ የገደለው ንግግሩን ነው!

የዛሬ ተጫዋች ይህን አይችልም የሚል ካለ ኤልደን ሪንግን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፤ ለየተልእኮው ቀስት አላስቀመጠም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሞሮዊንድ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ለእኛ ኪስ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

«በጨዋታ ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍንም። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1999 የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው ሲቆም ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ የመሠረተ ነው። ነገ ወረዳ ወርደን የታመመች እናት ቤት፣ በሽታ የገባበት የቡና ማሳ እንፈልጋለን። ስልካችን ላይ ያለው ካርታ እዚያ ሲደርስ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ሰማያዊዋ ነጥብ መካከሉ ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የሚያደርሰን ሽማግሌውን ሰላም ብሎ፣ በኦሮምኛ «ኤሳ?» ብሎ መጠየቅና የተነገረንን በልብ መያዝ ነው። አራት ዓመት ጅማ ኖሮ ከግቢ በርና ከፕሌይስቴሽን ቤት በቀር የማያውቅ፣ ጂሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በስልክ ፎቶ ብቻ ያየ ተማሪ ስንት ነው? ቀስት ያለመደውን እግር ማን ያስኬደው?

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። በሞሮዊንድ ላይ ቀስት የሚተክል ተቀጥላ እየፈለጋችሁ አትጫኑ። ደብተርና እስክሪቢቶ ያዙ፤ የተነገራችሁን ጻፉ፤ ድልድዩን ፈልጉ። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ስልኩን ኪስ ከታችሁ ጂሬን ውጡ። መንገዱን ሰው ይነግራችኋል።