አስተማሪ ሻማ አይደለም

በየተማሪ ቤቱ የወላጆች በዓል ሲከበር አንድ ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አስተማሪ ማለት እኮ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው» ይላል። ጭብጨባውም ይቀልጣል። እኛም እስከ ዛሬ ስናጨበጭብ ኖረናል። አሁን ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ጠመኔ የሚይዙ ስለሆነ፣ ስለዚህ ሻማ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል። ሻማው ቀልጦ ካለቀ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የቀሩት ልጆች በምን ብርሃን ያያሉ?

ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን የተመለስን ጓደኞች ስንገናኝ፣ ወሬያችን ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት ሰው መሆኑን ተገነዘብን። ሰውየውን በየሄድንበት አግኝተነዋል። ሥራ በጀመረበት ጊዜ በገዛ ገንዘቡ ወረቀትና ቀለም እየገዛ፣ ሥዕል ሠርቶ በየግድግዳው ይለጥፍ እንደ ነበር ባልደረቦቹ ይመሰክሩለታል። ዛሬ ግን ከዓመታት በፊት ያዘጋጀውን ማስታወሻ በሰሌዳው ላይ ገልብጦ ይወጣል። ተማሪዎቹን በስም አያውቃቸውም። «እነዚህ ደግሞ ምን ሊማሩ!» ይላል። ልጅ ሲጠይቀው ይቆጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አርጩሜ ያነሣል። ሰነፍ ነው እንዳንል፣ ማታ ማታ ሌላ ቦታ ያስተምራል። ክፉ ነው እንዳንል፣ ለተቸገረ ካለችው ላይ ያካፍላል። ሰውየው ደክሞታል። ድካሙም አንድ ሌሊት በመተኛት የሚወጣ ድካም አይደለም።

ለዚህ ነገር ስም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ሰውን በመርዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች እንዴት ተቃጥለው እንደሚያልቁ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መመደቢያ መዝገቡ ላይ ይህን መቃጠል አስገብቶታል። የመዘገበው ግን በሽታ ብሎ አይደለም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነገር ብሎ ነው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽና ሥራውን በጥላቻ ማየት፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት ነው። ምክንያቱ መላ ሳይበጅለት የቆየ የሥራ ጭንቀት ነው ይላል። ያ ሰሌዳ ገልብጦ የሚወጣው ሰው ሦስቱንም አሟልቶ ይዟል።

«ይህ የጥጋበኞች አገር ወሬ ነው፤ አባቶቻችን ከጧት እስከ ማታ ሲያርሱ መቼ ተቃጠልን አሉ?» የሚሉን አሉ። ገበሬው ከማንም በላይ እንደሚደክም አንክድም። ነገር ግን ገበሬው መሬቱን ያሳርፋል። በበዓል ቀን በሬዎቹን አይጠምድም። ሥራ ሲበዛበትም ደቦ ይጠራል። ለመሬትና ለበሬ የተፈቀደው ዕረፍት ለአስተማሪ ሲሆን ቅንጦት የሚባልበት ምክንያት አይታየንም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ አምስት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉም 60 ተማሪ አለ እንበል። አንድ ጊዜ የቤት ሥራ ቢሰጥ 300 ደብተር ይከመርበታል። ለአንዱ ደብተር 2 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ያርማል። በየክፍሉ 40 ተማሪ ቢሆን ኖሮ ግን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃው ነበር። የቀረችው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከየት ትመጣለች? ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹና ከሚያነበው መጽሐፍ ተቀንሳ ትመጣለች። በዚህ ላይ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ብዙ ጣትም ወደ አስተማሪው ተቀሰረ። ልፋቴ ፍሬ የለውም የሚል ስሜት ከዚህ በላይ ምን መሬት ይፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከኛ በፊት የነበሩትን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፣ አብዛኞቹን አስተማሪ አድርጎ ያሠራቸው ነበር። አንድ ዓመት በወጣትነት ወኔ ይገፋል። የዕድሜ ልክ ሥራ ግን በወኔ ብቻ አይገፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? 300 ደብተር የተከመረበትን ሰው «ራስህን ተንከባከብ፤ ወጣ ብለህ ተናፈስ» ብሎ ማለፍ መቀለድ ነው። የክፍሉ ቁጥር እስኪቀንስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅም ተቃጥሎ ማለቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጐን ለጐን ማስኬድ አለብን።

በእጃችን ካለው እንጀምር። ሁሉን ደብተር ሁልጊዜ ማረም አይቻልም። በየሳምንቱ የአንዱን ክፍል ደብተር በጥንቃቄ አርመን፣ የቀሩት መልሱ በሰሌዳ ላይ ተጽፎላቸው ደብተር ተለዋውጠው እንዲያርሙ ማድረግ እንችላለን። በቄስ ተማሪ ቤት የኔታ ሁሉን ሕፃን ራሳቸው ፊደል አያስቈጥሩም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቈጥራል። ከሳምንቱ ውስጥም ደብተር ከቤታችን የማይገባበት አንድ ቀን ይኑር። አስተማሪዎች በሚያርፉበት ክፍል ቡና ስንጠጣ «ዛሬ ክፍሉ አሸነፈኝ» ለማለት አንፈር፤ ሌላውም ያንኑ ለማለት ሲጠባበቅ እናገኘዋለን። እጃችን ወደ አርጩሜ ሲሄድ ጠመኔውን አስቀምጠን እስከ በሩ ደርሰን እንመለስ፤ የኛን ድካም ልጁ በጀርባው ሊከፍል አይገባውም። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሰነበተ ደግሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር አይደለም።

ከእጃችን በላይ የሆነውን ግን በማኅበር እንጠይቅ። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 ስለ አስተማሪዎች ሁኔታ ባወጡት ምክረ ሐሳብ ላይ፣ የክፍሉ ቁጥር አስተማሪው እያንዳንዱን ልጅ ለማየት የሚያስችለው እንዲሆን፣ የሥራ ሰዓት ሲወሰንም ለዝግጅትና ለእርማት የሚያስፈልገው ጊዜ እንዲታሰብ ተጽፏል። በእኛ አቈጣጠር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአገራችን አስተማሪዎች ስለ ደመወዛቸውና ሴክተር ሪቪው ስለተባለው የትምህርት ዕቅድ ሥራ አቁመው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ሰሚ አላጡም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ምሳሌ ካስፈለገ አስተማሪን ፋኖስ እንበለው። ፋኖስም ያበራል፤ ነገር ግን ጋዙ ሲያልቅ ይሞላለታል፣ ክሩ ሲከስል ይቈረጥለታል፣ ጠርሙሱ ሲጠቁር ይወለወልለታል። ይህን ሁሉ ለራሱ የሚያደርግ ፋኖስ ደግሞ አላየንም፤ የቤቱ ሰዎች ናቸው የሚያደርጉለት።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በሚመጣው የወላጆች በዓል ተናጋሪው «ሻማ» ሲል እጃችንን ለጭብጨባ አናንሣ። ለጥያቄ እናንሣና፣ «ለመሆኑ በዚህ ተማሪ ቤት በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል?» ብለን እንጠይቀው።