ለውሻ ደግሞ ሐኪም?

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ የገጠመኝን ላውጋችሁ። ጊዜው ረፋድ ላይ ነው። ላም ይዘው የመጡ፣ የጋሪ ፈረስ ያሰሩ፣ በግ የተሸከሙ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል አንድ ጠና ያሉ አባት ውሻቸውን በናይለን ገመድ ይዘው ገቡ። ውሻው ከስቷል፣ ያስመልሰዋል፣ መቆምም አቅቶታል። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ "አባባ፣ ለውሻ ደግሞ ሐኪም?" ሲላቸው ግቢው በሙሉ ሳቀ። የሚያሳዝነው ነጭ ጋዋን የለበስነው እኛም አብረን መሳቃችን ነው። አባባ ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጮህልኝ ኖሯል፤ አሁን ሲታመም ሜዳ ላይ ልጣለው?" አሉ።

ውሻው ሲመዘገብ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። መዝገቡ ላይ ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለጋማ ከብትና ለዶሮ የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። የአባባ ውሻ የተጻፈው "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ "ልዩ ልዩ" ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ዓይኑን የተከለው ከብት ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ "ደስታ" የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ "ክፉ ቀን" እየተባለ የሚታወሰውን ረሃብ አምጥቶብናል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲመሠረትም ከብት የሚፈጀውን ወረርሽኝ መዋጋት አንዱ ዓላማ ነበር። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ደብረ ዘይት ላይ ትምህርቱ ሲጀመር አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ መቅደማቸው ተገቢ ነው። ታዲያ ውሻና ድመት የት ገቡ? አብረውን ግቢ ውስጥ እያሉ ተረሱ።

ይህ መረሳት የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በጎረቤት ውሻ ተነከሰ። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር እናቱ በጨርቅ አሰረችለት። ውሻው ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠፋ፤ "ኮብልሎ ነው" ተባለ። ከወር በላይ ቆይቶ ልጁ ውሃ ሲያይ መጮህ ጀመረ። ቀጥሎ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ያ ውሻ የሜዳ ውሻ አልነበረም። ባለቤት፣ ስም፣ ሰንሰለትም ነበረው። ያልነበረው ክትባት ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። መከላከያው ከታወቀ ከ140 ዓመት በኋላም ልጆች እየሞቱ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ የሚድነው የጎረቤት ውሻ ሲከተብ ነው። ሰው ሲነከስ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ፀበሉም ጸሎቱም እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በበዓል ቀን በየግቢያችን በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ የት ነው የምንጥለው? "እንካ ቡቺ!" ብለን ለውሻው። ውሻው ያንን በልቶ በአንጀቱ ውስጥ ኢኪኖኮከስ የተባለውን ጥቃቅን ትል ያፈራል፤ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ግቢው ላይ ይበትነዋል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል። ከዓመታት በኋላ የበጉ ሳንባ ላይ ያየነው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በልጁ ጉበት ላይ ይገኛል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተበላሸውን ሳንባና ጉበት ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር፣ ውሻውን ደግሞ በሐኪም ምክር ፕራዚኳንቴል እየሰጡ ማከም ነው። ይህንን የሚነግረው ሐኪም ግን የውሻው ባለቤት ሲመጣ የማይስቅ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ከጓደኞቼም ሰምቼዋለሁ። "ለገበሬው በሬ ሕክምና ሳይዳረስ ለውሻ ማሰብ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው" ይላሉ። ሐሳቡን አልንቀውም። መድኃኒቱም ባለሙያውም ውስን ነው። ነገር ግን ውሻውና በሬው የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ያበደ ውሻ ላም ይነክሳል፣ አህያም ይነክሳል፤ የተነከሰችውም ላም አብዳ ትሞታለች። በጉን አንገቱን አጣሞ ዙሪያውን እያዞረ የሚጥለው የአንጎል በሽታም ምንጩ የውሻ ትል ነው። ስለዚህ ውሻውን የሚያክም ሐኪም ከከብቱ አልሸሸም፤ የከብቱን በሽታ ከምንጩ እየተከተለው ነው።

ሌላም መፍትሔ ተብሎ በየጊዜው የሚሞከር ነገር አለ፤ ውሾችን በመርዝ መፍጀት። ይህ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ከንቱ ድካም ነው። የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞታል፤ ክፍት የሆነውን ሰፈር ደግሞ ያልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይሞሉታል። ባጭሩ ወዳጁንም ጠላቱንም ገድሎ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የውሻና የድመት ሕክምና በክፍል ትምህርት ብቻ እንዳይቀር የተግባር ሰዓት ይጨመርለት። ቡችላ እንዴት እንደሚያዝ ሳናውቅ መመረቅ አሳፋሪ ነው። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 የሚከበረው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብዙውን ጊዜ በመስቀል ማግስት ይውላል። በዚያን ቀን ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን፣ ከመምህራኖቻችን ጋር ወጥተን በአቅራቢያችን ያሉትን ውሾች ብንከትብ ምን ይገደናል? ለዓመት በዓል በግ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለጠባቂው አንድ መርፌ አይነፍግም፤ የሚነግረው ስላጣ ነው። ሦስተኛ፣ ሳቁን እንተው። ውሻውን ይዞ በመጣ ሰው ላይ ከሳቅን ዳግመኛ አይመጣም። እሱ ካልመጣ ደግሞ ውሻው አይከተብም።

የአባባን ውሻ ተረኛው ሐኪም በእጁ የነበረውን ግሉኮስ ሰጥቶ ላከው። ይዳን ይሙት አላወቅሁም፤ ተከታትሎ የጠየቀ ስላልነበረ እኔም አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቢያንስ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ቢሰመርለት፣ የሚቀጥለው ተማሪ ስንት ውሻ እንደመጣና ስንቱ እንደተከተበ ቆጥሮ ማወቅ ይችላል። ለመጀመር አንድ መስመርና አንድ ማስመሪያ ይበቃል።

ቸር ይግጠመን።