“ገባችሁ?” “አዎ!” ግን ማን ገባው?

በአገራችን ክፍሎች ውስጥ በብዛት የሚጠየቅ ጥያቄ ቢኖር “ገባችሁ?” የሚለው ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “አዎ!” ይላል፣ መምህሩም ሰሌዳውን ያጠፋና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን “አዎ” ያለው ሌላው ስላለ ነው። ከፋ ዞን ውስጥ የተማርኩ ስለሆንኩ ይህን “አዎ” በደንብ አውቀዋለሁ።

አንዳንዶች ይህን አይተው “በኅብረት መመለስ የድሮ ነገር ነው፣ ይቅር” ይላሉ። እኔ አልስማማም። በቄስ ትምህርት ቤት ስንቱ ትውልድ ፊደል የለየው “ሀ ሁ ሂ” እያለ በኅብረት ነው። አሜሪካዊው ዚግፍሪድ ኤንገልማን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባስፋፋው ዘዴም መምህሩ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም ተማሪ በአንዴ ይመልሳል። እንግዲህ ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በኅብረት ሲመለስ ግን ሁሉም አፉን ይከፍታል። ይህ ለእኛ አካባቢ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ከዋጫም ይምጣ ከቦንጋ፣ በካፊኖኖ አፉን የፈታ ልጅ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርበት ብቻውን ተነስቶ ከሚሳሳት ዝም ማለትን ይመርጣል። ከጓደኞቹ ጋር ሲናገር ግን የሚስቅበት የለም፤ ቃሉንም አፉ ይለምደዋል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? “የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በዩኔስኮ የተመዘገበው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?” ቢባል መልሱ አንድና አጭር ስለሆነ ክፍሉ በአንድ ላይ “በ2002!” ማለት ይችላል። “ደኑን መጠበቅ ለምን አስፈለገ?” የሚለው ግን በኅብረት አይመለስም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወያዩበት። መምህሩም ጠይቆ ትንሽ ማሰቢያ ጊዜ ይስጥ፤ በእጁ ምልክት ያሳይ፤ መልሱ ከተዘበራረቀ መልሶ ያስረዳ፤ በመጨረሻም ዝም ያለውን ልጅ በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ ተመለሰም አልተመለሰም ይቀጥላል። ምን ያድርግ፣ አይሰማ! ጆሮ ያለው መምህር “አዎ!” ሲባል ብቻ ሰምቶ ካለፈ ከፕላዝማው በምን ተለየ?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች “አዎ” ወይም “አይደለም” ብቻ በሚያስመልስ ጥያቄ ቃለ መጠይቅ እንደማይሞላ እንማራለን። ክፍልም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መምህራኖቻችን፣ እናንተም ነገ መምህር የምትሆኑ ጓደኞቼ፣ “ገባችሁ?”ን ተዉትና መግባቱን የሚያሳይ ጥያቄ ጠይቁን። ያኔ የምንጮኸው መልስ ለእናንተም ይጠቅማል፤ ማን እንደቀረ ትሰሙበታላችሁ።